የጣና ገዳማትን ሥዕልና ዕቃ ቤት እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ከባሕር ዳር ለሚነሣ ጎብኚ የተዘጋጀ መመሪያ

በጣና ዙሪያ የቆየውን የአገራችንን ሥዕል ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉንም ሰብስቦ የያዘ አንድ ትልቅ አዳራሽ አያገኝም። ሥዕሎቹ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬትና በደሴቶቹ ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ የብራና መጻሕፍቱ፣ ዘውዶቹና መስቀሎቹ ደግሞ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ገዳማት ዕቃ ቤታቸውን ለጎብኚ በሚመች መልክ አደራጅተው ሙዚየም ብለው ሰይመውታል። ቦታዎቹ በቅድሚያ የጸሎት ቤቶች በመሆናቸው ግን የመክፈቻ ሰዓቱም፣ የሚታየው ነገርም፣ የአስጎብኚው ጠባይም ከከተማ ሙዚየም የተለየ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቀን አራትና አምስት ገዳም ለማዳረስ ሲሮጥ ይውልና ማታ የትኛውን ሥዕል የት እንዳየ መለየት ያቅተዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአንድ ቀን አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ገዳም መርጦ አንዱን ግድግዳ በሚገባ አይቶ ለመመለስ ለሚፈልግ ጎብኚ ነው።

አንደኛ፦ ገዳሙን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ዘጌን ቢመርጥ ይሻላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ወንዶችም ሴቶችም የሚገቡባቸው፣ ክብ ቅርጽ ያላቸውና መቅደሳቸው በሥዕል የተሸፈነ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ግቢ ዕቃ ቤቱ ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ ግድግዳውንና ቅርሱን በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል። ሁለቱ በጫካ ውስጥ በሚያልፍ የእግር መንገድ ስለሚገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል። ጫካው ራሱ የገዳማቱ ቅርስ ነው፤ በአካባቢው ትውፊት መሠረት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ ምድሩ አይታረስም ስለተባለ ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ሲተዳደር ኖሯል።

ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር በጣም የቀረበ ደሴት ቢሆንም ሴቶች አይገቡበትም። ወንድና ሴት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ጀልባ ተከራይተው ግማሾቹ በወደቡ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት አጋጣሚ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ሴቶቹ አጠገቡ ባለው እንጦስ ደሴት እንዲቆዩ አስቀድሞ ከጀልባው ነጂ ጋር ሊስማማ ይችላል። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ገዳም ነው፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አጽም በዚያ ስለሚገኝ ከሥዕል ይልቅ ታሪክ የሚስበውን ሰው የበለጠ ያረካዋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ለወንዶችም ለሴቶችም ክፍት ነው። በእኔ ግምት በሐይቁ ላይ ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች መካከል ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የናርጋው ነው፤ ነገር ግን በደቅ ደሴት አጠገብ የሚገኝና የብዙ ሰዓት የጀልባ ጉዞ የሚጠይቅ በመሆኑ ሙሉ ቀን ለእርሱ ብቻ መስጠት ያስፈልጋል። ዘጌን አይተው የሥዕሉን ቋንቋ ከለመዱ በኋላ ወደ ናርጋ መሄድ የበለጠ ለማስተዋል ይረዳል።

ሁለተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን መወሰን

ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት ጎብኚ ውስጥ ገብቶ ሥዕል መመልከት አይችልም። በጾም ቀናት፣ ማለትም ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋት መሄድ ይመረጣል፤ እሑድ ግን ቅዳሴው በማለዳ ስለሚፈጸም ረፈድ አድርጎ መድረስ ይሻላል። ወርኃዊ በዓላትንም መቁጠር ይገባል፤ ገብርኤል በ19፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ማርያም በ21፣ ሥላሴ በ7፣ እስጢፋኖስ በ17 ይውላሉ። በየካቲት 16 በኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚገኝ ሰው ታላቅ በዓል ያያል፤ ሥዕሉን ተረጋግቶ ለማየት ያሰበ ግን ሌላ ቀን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ያለ ሲሆን ከቀትር በኋላ ነፋስ እየተነሣ ማዕበሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሳይመሽ መመለስ ለደኅንነትም ይበጃል፣ ለሥዕሉም ይስማማል። ዘጌ የአንድ ሰዓት ያህል የጀልባ ጉዞ ነው። ውሃ የሚያስፈራው ሰው በመኪና በየብስ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ በክረምት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛ፦ ከጀልባ ነጂው ጋር መስማማት

ዋጋ ከመነጋገር በፊት የጉዞው ይዘት በግልጽ መነገር አለበት፤ የትኛው ገዳም ወይም ወደብ እንደሚደረስ፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ነዳጅ በሂሳቡ ውስጥ መኖር አለመኖሩ፣ ጀልባው ከሌሎች መንገደኞች ጋር የሚጋራ መሆን አለመሆኑ። ከእነዚህ ሁሉ የመቆያው ሰዓት ዋናው ነው፤ ብዙ ነጂዎች በአንድ ገዳም ሠላሳ ወይም አርባ ደቂቃ የሚበቃ መስሎ ስለሚታያቸው፣ ሁለት ሰዓት እንደሚፈልጉ በመነሻው ካልተናገሩ በመካከል ጥድፊያ ይመጣል። የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም ተሳፋሪ መኖሩን በዓይን ማየትና ለብሶ መሳፈር ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ይዘው የሚሄዱት

ነጠላ፣ ዝርዝር ብር፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ በቂ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ወልቆ ስለሆነ ወፈር ያለ ካልሲ ቢኖር ከቀዝቃዛው ወለልም ከምንጣፉ ቁንጫም ያድናል። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይኛው ክፍል ያሉትን ሥዕሎች ከታች ሆኖ ማየት አስቸጋሪ ስለሆነ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው ይዞት ቢሄድ ብዙ ይጠቀማል። ትንሽ የእጅ ባትሪም ያገለግላል፤ ሆኖም ሳያስፈቅዱ ማብራት ነውር ነው።

አምስተኛ፦ ከቅጥሩ በር እስከ ቅድስቱ

በመግቢያው ላይ ክፍያውን ፈጽመው ደረሰኝ ይቀበሉ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን የሚከፍትልዎትን ካህን ወይም ዲያቆን ያግኙ። የሃይማኖቱ ተከታይ ከሆኑ መስቀል ተሳልመው «አባቴ ይባርኩኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ ካልሆኑም በአክብሮት እጅ ነሥተው ሥዕሉን ለማየት እንደመጡና ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር መግባት የቆየ ሥርዓት ስለሆነ በየትኛው በር እንደሚገቡ ይጠይቁ። መግባት የማይፈቀድላቸው ጊዜ ላይ ያሉ ሰዎች ሥርዓቱን ያውቁታልና ደጅ ሆነው ይቆያሉ።

ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሦስት የተከፈለ ነው። ውጨኛው ዙሪያ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ያለው ቅድስት፣ በመካከል ያለው አራት ማዕዘን ክፍል ደግሞ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ ነው። ጎብኚው የሚያየው የመቅደሱን ውጫዊ ግድግዳ ነው። አብዛኛው ሥዕል የተሣለው በጭቃ በተለሰነው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ በመሆኑ ጠጋ ብለው ቢያዩ የጨርቁን መጋጠሚያና የተላጠበትን ጠርዝ ይለያሉ። በአንዳንድ ቦታ በሥዕሉ ላይ መጋረጃ ስለሚወርድ ካህኑ በረጅም ዘንግ ይገልጡታል፤ እርስዎ በእጅዎ አይንኩት።

ስድስተኛ፦ ግድግዳውን ማንበብ

አስጎብኚዎች በአብዛኛው የሚያውቁትን ታሪክ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየዘለሉ ይነግራሉ። መጀመሪያ አራቱንም ግድግዳ ምንም ሳይባል አንድ ጊዜ በዝምታ መዞር፣ ከዚያ በምዕራቡ በር መጀመር የተሻለ ዘዴ ነው። በመቅደሱ በር መዝጊያዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ቆመው ይታያሉ፤ የበሩ ጠባቂዎች ናቸው። ከበሩ በላይና በግራ ቀኙ ያለው ቦታ በክብር ከፍ ያለ ስለሆነ ሥላሴ፣ ሥነ ስቅለቱ ወይም እመቤታችን ከልጇ ጋር ብዙ ጊዜ በዚያ ይገኛሉ።

ከዚያ በኋላ ፈረሰኞቹን ይፈልጉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ ከሐዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ በቀላሉ ይለያሉ። ከአገራችን ቅዱሳንም አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግር ቆመው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር፣ አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ በሚያወጣቸው ዘንዶ፣ ቅዱስ ያሬድ ደግሞ የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ሲዘምር ይሣላሉ። እነዚህን አምስትና ስድስት ምልክቶች ያወቀ ሰው ከግድግዳው ብዙውን ያለ አስተርጓሚ ይለያል።

የፊት አሣሣሉም ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ ሆነው ይሣላሉ። የበላዔ ሰብን ታሪክ ሲያገኙ ይህን ያስታውሱ። ሰባ ስምንት ሰዎች የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ በሚዛኑ ላይ ምሕረት የሚያገኝበት ትዕይንት በጣና ዙሪያ ከሚወደዱት አንዱ ነው፤ ሠዓሊው በጥፋቱ ጊዜና ምሕረት ካገኘ በኋላ ፊቱን እንዴት እንደሣለው ማነጻጸር ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ቀጥሎ ጽሑፉን ይዩ። ከሥዕሉ በላይ ወይም በጎን በግእዝ የተጻፈው መግለጫ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ የሚታየውን ድርጊት ይናገራል፤ ግእዝ ባይችሉ እንኳ የቅዱሳኑን ስሞች ማንበብ አይቸግርዎትም። ከታች በኩል በቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩ ትንንሽ ሰዎች ሥዕሉን ያሣሉ ባለጸጎች ናቸው። ናርጋ የሚሄድ ሰው እቴጌ ምንትዋብን እንዲሁ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ያገኛቸዋል። የለበሱት ልብስ፣ ጌጣቸውና የራስ አሠራራቸው የዘመኑን አለባበስ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሆነ ብዙዎች የማያዩትን ይህን ጥግ አይለፉት።

ስለ ዕድሜ ደግሞ የሚነገርዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቀበሉ። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ዓመት ተመሠረተ ማለት ሥዕሉም የዚያን ጊዜ ነው ማለት አይደለም፤ ጨርቁ ሲያረጅ ተነሥቶ በሌላ ይተካል፣ ጣሪያ አፍስሶ የደበዘዘውም ተደርቦ ይሣላል። ለመገመት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው በ17ኛው መቶ ዓመት የዳበረው ሲሆን ጥላ የሌለው ጠፍጣፋ ደማቅ ቀለምና ጠንካራ መስመር አለው። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል በ18ኛው መቶ ዓመት የመጣና በፊትና በእጅ ላይ ጥላ የሚጥል፣ ልብሱን በጥለት የሚያስጌጥ፣ ከምስሉ በስተጀርባ ያለውንም መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እያደበዘዘ የሚቀባ ነው። ሰማያዊው በጣም ደማቅና አንድ ወጥ ሆኖ ካገኙት ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከውጭ በገባ ቀለም የተሠራ ሊሆን ይችላል።

የእመቤታችንን ሥዕል ለብቻው ያጥኑት። እጆቿን ከፊቷ አነባብራ በአንዱ እጇ መሐረብ ይዛ፣ ልጇም መጽሐፍ ይዞ ከታየ፣ ሥዕሉ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል የተቀዳውን አሣሣል የተከተለ ነው፤ ይህም በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት ወደ አገራችን ገብቶ በጎንደር ዘመን ፈጽሞ የአገራችን ሆኗል። ከዚያ በፊት የነበረውን አሣሣል የሚፈልግ ሰው መነሻው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል የዚያ ገዳም ንብረት ነው።

ሰባተኛ፦ በዕቃ ቤቱ

ዕቃ ቤቱን ከግድግዳው በኋላ ቢያዩት ይመረጣል፤ በግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ የታየው ትዕይንት በብራናው ላይ በመዳፍ ስፋት ሲገኝ ማስተዋሉ ቀላል ይሆናል። ዕቃ ጠባቂው መነኩሴ አብዛኛውን ጊዜ ዘውዶቹንና ካባዎቹን ቀድመው ያሳያሉ። ይህ ዘውድ የእገሌ ንጉሥ ነው ሲባል የገዳሙን ትውፊት በአክብሮት ይስሙ፤ ቀጥለው «አባታችን፣ በላዩ የተጻፈ ነገር አለው?» ብለው ቢጠይቁ ግን ትውፊቱንና የተቀረጸውን ማስረጃ ለይተው ለመመዝገብ ይረዳዎታል። ጥያቄው በትሕትና ከቀረበ የሚቆጣ አባት እምብዛም ነው።

ብራና በራስዎ እጅ አይግለጡ። ብዙ ቅጠል እንዲገለጥ ከመለመን ሁለት ገጽ ብቻ ይጠይቁ፤ አንዱ በሐረግ (በተጠላለፈ የመስመር ጌጥ) ያጌጠ የምዕራፍ መጀመሪያ፣ ሌላው ሥዕል ያለበት ይሁን። ተአምረ ማርያም ካለ ሥዕል የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፉትን የቅዱሳን ስሞች ይዩ፤ የመጽሐፉ ባለቤት ወይም ያስጻፈው ሰው ስም ያለበት ቦታ ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበት ከሆነ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉን ያሳያል። ክብራን ገብርኤል ከ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና ከ15ኛው መጀመሪያ አካባቢ የሆነ በሥዕል የተዋበ ወንጌል ያለው ገዳም ነው፤ እንዲህ ያለ ውድ መጽሐፍ ለማንም መንገደኛ ይገለጣል ብሎ ማሰብ ግን አይገባም፤ አይታይም ከተባለም መከራከር አያስፈልግም።

ስምንተኛ፦ ፎቶና ማስታወሻ

ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ግዴታ ነው፤ የቪዲዮ ካሜራ የተለየ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። የስልኩ ብልጭታ በራሱ እንዳይበራ ገና በሩ ላይ ሳሉ ያጥፉት፤ ተደጋጋሚ ኃይለኛ ብርሃን የቆየ ቀለምን ስለሚጎዳ ገዳማቱ መከልከላቸው ትክክል ነው። በተፈጥሮ ብርሃን ለማንሣት ፀሐይ በበሩ የምትገባበትን ወገን ይምረጡና ካህኑን መዝጊያውን ሰፋ አድርገው እንዲከፍቱልዎት ይለምኑ። የመቅደሱ መጋረጃ በተከፈተበት አጋጣሚ ወደ ውስጥ ማንሣት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ከፎቶው በላይ የሚጠቅመው ማስታወሻው ነው። በደብተርዎ ላይ የመቅደሱን አራት ግድግዳ በአራት መስመር ይሣሉና ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ብለው ይሰይሙ፤ በየቦታው ያዩትን ሥዕል፣ የግእዙን የመጀመሪያ ቃላትና የጉዳቱን ዓይነት (የውሃ ፍሳሽ፣ ምስጥ፣ የተላጠ ጨርቅ) ይመዝግቡ። ፎቶ ብቻ አንሥቶ የተመለሰ ሰው ሥዕሉ በየትኛው ግድግዳ እንደነበረ ስለማያውቅ የሁለት ገዳማት ሥዕል ሲቀላቀልበት መለያ ያጣል። በሌላ ዓመት ተመልሰው ሲመጡ ጉዳቱ መጨመሩን የሚያውቁትም በዚህ መዝገብ ነው።

ዘጠነኛ፦ ሥዕል መግዛት

ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት ግራና ቀኝ በፍየል ቆዳ ላይ የተሣሉ አዳዲስ ሥዕሎችና የደንገል ታንኳ ምስሎች ይሸጣሉ። ሲወጡ ሳይገዙ ማለፍና ግድግዳውን አይተው ሲመለሱ መምረጥ ይሻላል፤ የሥዕሉን ወግ ካዩ በኋላ በጥንቃቄ የተሠራውንና በጥድፊያ የተገለበጠውን ለመለየት ዓይንዎ ይሠለጥናል። ሻጩ ራሱ ሠዓሊው ከሆነ የትኛውን ገዳም ሥዕል እንደቀዳ ይጠይቁት፤ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በጀርባው እንዲጽፍልዎትም ያድርጉ። ይህ ጽሑፍ ለሥራው ክብር ከመሆኑም በላይ ሥዕሉን ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ሰው አዲስ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ያግዘዋል።

አሮጌ ብራና፣ ከመጽሐፍ የተቆረጠ ቅጠል፣ የቆየ መስቀል ወይም ከግድግዳ የተላጠ ጨርቅ ቢቀርብልዎት ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ከዕቃ ቤት የወጣ ነገር መሆኑን ከጠረጠሩም ለገዳሙ አስተዳዳሪ ወይም በባሕር ዳር ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማሳወቅ ይችላሉ።